በፍልሰታ ጉም ውስጥ ወደ ካቺሲ

ከተመለስኩ ወዲህ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች ሁሉ ስለ ካቺሲ ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ ከድሬዳዋ ወጥተው ከአዳማ አላለፉም፤ አንዳንዶቹ ከእንግዲህም የሚያልፉ አይመስለኝም። ለእነሱ ሳወራ የስፌት መኪናውን አቆማለሁ፣ ጨርቁ ከእጄ ይንሸራተታል፣ ሥራው ይቀራል። እስቲ አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ታናሽ እህቴ መቅደስ ነርስ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከግንጪ ወደ ሰሜን በሚገባው መንገድ መጨረሻ፣ ካቺሲ የሚባል ከተማ ተመድባ፣ እዚያው ቶሎሳ የሚባል አስተማሪ አግብታ ቀረች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልሆኑላትም። በዚያ ክረምት ሦስተኛውን ይዛ ሳለ ባሏ ለክረምት ትምህርት አምቦ ሄደ፤ እሷም ደወለችልኝ። «እታለም፣ ፈርቻለሁ» አለችኝ። መቅደስ ፈራሁ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሱቄን ዘጋሁ።

ሌላም ነገር ነበር፣ ለማንም ያልነገርኩት። ጸሎት አቋርጬ አላውቅም። ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን፣ ማታ መዝሙረ ዳዊቴን እደግማለሁ። ግን እኔ በጸሎቴ ውስጥ የለሁም። አፌ ያነባል፣ ልቤ የሙሽራ እጅጌ ይቆርጣል። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ «መጽሐፉን አትዝጊው፣ ራስሽንም አታሰቃዪ። እግዚአብሔር በሌላ በር ያስገባሽ ይሆናል» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። የትኛው በር እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሰኞ፣ እስከ ግንጪ

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ፍልሰታ ነበር፤ ሰማዩ ደግሞ ከማለዳው ጀምሮ ያለቅሳል። ሆለታን ስናልፍ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ለእኛ ለድሬዎች አረንጓዴ ማለት ከዚራ ሰፈር ያሉት ዛፎች ናቸው፣ እነሱም አቧራ ለብሰው። እዚህ ግን መሬቱ እስከ ሰማዩ ጫፍ ድረስ እርጥብ ነው፤ ላሞቹ እንኳ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ይመስላሉ። የማየው ነገር እውነት ይሁን ሕልም አልለይልህ አለኝ።

በዚህ ድንዛዜ ላይ እያለሁ መነጽሬን አውልቄ አጠገቤ አስቀመጥኩት። አዲስ ዓለም ላይ የገቡ አንድ ሰውዬ በላዩ ተቀመጡበት። ድምፁን ሁለታችንም ሰማነው። ብድግ አሉ፤ አንደኛው መስታወት ተሰንጥሯል፣ ሌላው ጭራሽ የለም። ሰውየው ቆባቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ ምን አደረግሁሽ?»

«ግድ የለም፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

«ታነቢበታለሽ?»

«ጸሎት አደርስበታለሁ» አልኳቸው። ይህን ባልል ይሻል ነበር፤ ሰውየው እስከ ግንጪ ድረስ ቀና ብለው አላዩኝም።

ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ፤ ጭልሞ ጫካ ዳር ችግኝ የሚያፈሉ ሰው ናቸው። ግንጪ ስንደርስ የካቺሲው መኪና ሄዷል፣ ዝናቡም ብሶበታል። መናኸሪያው ጣሪያ ሥር ቆሜ አልጋ ቤት የት እንደሆነ ልጠይቅ ስል ኦቦ ለሜሳ ሻንጣዬን አነሱት። «መነጽርሽን የሰበርኩ እኔ ነኝ፣ የማሳድርሽም እኔ ነኝ» አሉና ወደ ጋሪ ወሰዱኝ።

ቤታቸው ከጫካው ሥር ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ከዛፎቹ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ይቆያል፤ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይዘንባል ማለት ነው፣ አንዴ ከሰማይ፣ አንዴ ከቅጠል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አስም አለባቸው። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ድንች ወጥና ጎመን አቀረቡልኝ፣ ቀሚሴን ጨምቀው ምድጃ ዳር ሰቀሉት፣ የራሳቸውን ጋቢ አለበሱኝ።

ከምግቡ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ውዳሴ ማርያሜን አወጣሁና ገጹ ላይ አፈጠጥኩ። ፊደሉ እንደ ጉንዳን መንጋ ሆነብኝ። ያን ያህል ዘመን የደገምኩትን በቃሌ ልወጣው ብሞክር ሁለት መስመር አልሄድኩም። ደነገጥኩ። አዴ ጫልቱ አይተውኛል። «አባታችንን አብረን እንበል» አሉኝ። እሳቸው በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ ጀመርን።

እኔ እንደ ልማዴ በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው ነበር። እሳቸው ግን «ያ አባ ኬኛ» ብለው ቆሙ፣ አየር ሳቡ። ጠበቅኋቸው። አንድ ሐረግ ብለው ደግሞ ቆሙ። እኔም «በሰማያት የምትኖር» ብዬ ቆምኩ። ከቅጠሉ ላይ የሚወርደው ውሃ ይሰማል። በዚያች ዝምታ ውስጥ «አባታችን» የሚለው ቃል ተመልሶ ወደ እኔ መጣ፣ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል። አባት ካጣሁ ስንት ዘመን ሆነኝ። «የዕለት እንጀራችንን» ስንል እንጀራው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። «በደላችንን» ስንል ኦቦ ለሜሳ ወደ ሰባራው መነጽር አዩና አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም በልቤ ይቅር አልኳቸው። አባታችን ሆይ እንዲያ ረዝሞብኝ አያውቅም፤ እንዲያልቅም አልፈለግሁም።

ማክሰኞ፣ በጉም ውስጥ

ጠዋት ጉሬዛዎች ከጫካው ውስጥ ሲያጓሩ ነው የነቃሁት። ኦቦ ለሜሳ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝና ለሹፌሩ በኦሮምኛ አደራ አሉት። አዴ ጫልቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንድቀምሰው የገብስ ቆሎ ቋጥረውልኛል።

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ከግንጪ ወደ ላይ መውጣት እንደጀመረ ዓለም ጠፋ። ድሬዳዋ ጉም አናውቅም። እኛን የሚሸፍነን አቧራ ነው፤ አቧራ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉም ግን ፊት ይዳስሳል። ከመስኮቱ ውጭ የበግ ድምፅ አለ፣ በግ የለም። ሰው ይጠራራል፣ ሰው የለም። አንዳንዴ ባሕር ዛፍ ብቅ ይላል፣ ግንዱ ብቻ፣ ከዚያ ይጠፋል። በተሳፋሪው መሃል ዝም ብዬ «አባታችን» እላለሁ፤ እቆማለሁ። በምቆምበት ጊዜ አንድ ያልጨረስኩት ቀሚስ ትዝ ይለኛል፤ እሄዳለሁ፤ ተመልሼ «ሆይ» እላለሁ። እንዲህ ስሄድና ስመለስ ዳገቱ አለቀ።

ጎጆ ከምትባለው ከተማ ወዲህ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ወረድን። ወንዶቹ ገፉ፣ ጎማው ጭቃ ረጨ፣ መኪናው ይባስ ሰመጠ። ሴቶቹ ጥላ ዘርግተን መንገድ ዳር ቆምን። አንዲት ድንች ጭና የምትሄድ ሴት «ዘንድሮ ክረምቱ ጠንክሯል» አለችኝ፣ በየትኛው አገር እንደምኖር ሳትጠይቀኝ፣ ሁላችንም አንድ ክረምት ውስጥ ያለን ይመስል። ሌላ መኪና እስኪስበን ድረስ ቀኑ አዘቀዘቀና ሹፌሩ ጎጆ እናድራለን አለ።

አልጋ ቤቱ ክፍል ብርድ ልብስ አንድ ብቻ ነበረው፣ ያውም እርጥብ። እኛ አገር ነሐሴ ላይ ሰው ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ይተኛል ብዬ ለአልጋ ቤቱ ባለቤት ስነግራት አላመነችኝም። ወጣችና ሞቅ ያለ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። የማን ነው ስላት «ተኚ ዝም ብለሽ» አለችኝ። ጠዋት ሳልፍ ምድጃ ሥር ኩርምት ብላ በነጠላ ተኝታ አየኋት። የጸሎቴን ግማሽ ለሷ አደረግሁት፤ ግማሹን የት እንዳደረስኩት አላውቅም፣ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ካቺሲ

መቅደስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ቆመሽ አትቆዪ ተብላ ሳለ። ሆዷን ሳይ የሰበሰብኩት ወሬ ሁሉ ጠፋኝ። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን።

ቤቱን የያዙት አማቷ ናቸው፣ አዴ ዲንቄ። ረጅም ናቸው፣ ሲሄዱ እንደ ወጣት። ፕሮቴስታንት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስለ ጾሜ ምን ይሉ ይሆን ብዬ መንገድ ላይ ሳስብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽሮ፣ ድንችና ምስር ለብቻው ተሠርቶ ቀረበልኝ። ቅቤ የነካው ድስት እንዳይሆን ብለው ከጎረቤት የጾም ድስት ተውሰዋል። «መቅደስ ነግራኛለች» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የመጀመሪያው ቀን ግን ተቸገርኩ። አዴ ዲንቄ ከጓዳ ሆነው ያወራሉ። እኔ «አቤት?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ያወራሉ። ኦሮምኛ ስለሆነ አልገባኝም፤ ተነስቼ ሄጄ «ጠሩኝ እንዴ?» አልኳቸው። ምስር እየለቀሙ ነበር። ሳቅ አሉ።

«አንቺን አይደለም፣ አዴ ጥሩነሽ። እሱን ነው።»

ወደ ጓዳው ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። መቅደስ ከአልጋዋ ላይ በሳቅ ልትሞት ደረሰች። «እታለም፣ ከዋቃዮ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ነው የሚያወሩት፤ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ናቸው» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ጎመን ስንከትፍ ጠየቅኋቸው። «መቼ ነው የሚጨርሱት?»

«ምኑን?»

«ጸሎቱን።»

አሰቡበት። «የሚጨርሱት ነው እንዴ? እንጃ። እሱ እዚህ ካለ ዝም ማለት ይከብደኛል። አንቺስ፣ መጽሐፍሽ አልነበብ ሲልሽ ምን ትይዋለሽ?»

«ቃል አጣለሁ።»

«እኔም አጣለሁ» አሉ። «ያን ጊዜ ስለ ድንቹ እነግረዋለሁ።»

እኛ ዘንድ እንዲህ አይጸለይም። እግዚአብሔር ፊት የሚቆመው ነጠላ አጣፍቶ፣ ተዘጋጅቶ ነው፤ ይህን ደግሞ እወደዋለሁ፣ ዛሬም አልተውኩትም። ግን ከሰዓት በኋላ ለሚመጣው ሕፃን ልብስ ልሰፋ መርፌ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ክሩ አልገባ አለኝ፣ መነጽር የለኝማ። ሳላስበው «ጌታዬ፣ ይቺን ቀዳዳ አሳየኝ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ጭንቅላቴን ቀና አድርጌ ማንም ሰምቶኝ እንደሆነ አየሁ። አዴ ዲንቄ መጡና ክሩን አስገቡልኝ። እሱ ይሁን እሳቸው የሰማኝ አልጠየቅሁም።

ዓርብ፣ ወደ አምቦ

ጠዋት መቅደስ ጠራችኝ። አንሶላው ላይ ደም ነበር። ቀኗ ገና ነው።

በነርስ ድምፅ ነው የተናገረችው። ለጤና ጣቢያው ባልደረቦቿ የራሷን ሁኔታ እንደ ሌላ ሰው ታማሚ አስረዳቻቸው፣ ምን መርፌ እንደሚሰጧት እንኳ ነገረቻቸው። አምቦ መሄድ አለባት ተባለ። አምቡላንሱ ሲመጣ ብቻ እጄን ያዘችና አለቀቀችኝም።

ያንኑ የመጣሁበትን ጉም ወደ ኋላ ተመለስንበት። ሹፌሩ ለጉድጓዱ እየተጠነቀቀ፣ ለጊዜው ደግሞ እየተጣደፈ ይነዳል። አዴ ዲንቄ ይጸልያሉ፣ «ጎፍታ ኮ፣ ጎፍታ ኮ»፣ ጌታዬ ጌታዬ እያሉ፣ ድምፃቸው ከሞተሩ ጋር ተቀላቅሏል። ጎጆን ካለፍን በኋላ መቅደስ ጥርሷን ነክሳ ተንሰቀሰቀች። አዴ ዲንቄ ዝም አሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ቃል ጠፍቷቸዋል። ስለ ድንቹም የሚሉት አልነበረም።

«አንቺ በይ» አሉኝ።

እኔም ምንም አልነበረኝም። መቅደስ ዓይኗን ሳትገልጥ «ዝም አትበሉ» አለች።

«ማርያም» አልኩ። «ማርያም፣ ቅረቢያት። እመቤቴ፣ ልጅ የወለድሽ ታውቂያለሽ።» እናቴ ጎረቤት ስታምጥ እንዲህ ትል ነበር። አዴ ዲንቄ ይህን እንደማይሉ አውቃለሁ፤ አላሉትም። ግን በመቅደስ ላይ አሻግረው እጄን ያዙ። እኔ አንድ ቃል ስል እሳቸው አንድ ትንፋሽ ያወጣሉ። ግንጪ ደረስን፤ አስፋልቱ ሲጀምር መኪናው መንቀጥቀጡን አቆመና ድንገት ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ከዚያ እስከ አምቦ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እንዳላቆምኩ ግን አውቃለሁ፤ ስንወርድ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

ቶሎሳ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሟል፣ ደብተሩን እንደያዘ፣ ከክፍል እንደወጣ። እሷን በአልጋ ሲያስገቧት ከጎኗ ሮጠ፤ በሩ ሲዘጋበት ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቀረ።

በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሐኪም ወጥታ «ሴት ናት፣ ሁለቱም አሉ» አለችን። አሉ። ከዚህ የሚበልጥ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

አምቦ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ቀኖቹን ከዚህ በኋላ መለየት አልችልም፤ እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ናቸው። አምቦ ከካቺሲ ይሞቃል፤ የድሬ ሙቀት አይደለም፣ ግን ሰውነቴ አወቀው። የምናድረው ቶሎሳ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱ ጓደኛው ዘንድ ሄዶ አልጋውን ለእኔና ለእናቱ ለቀቀ። ጎረቤቶቹ አማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ ሰላምታውን ለመድኩ፣ መልሱን ግን ሁልጊዜ እሳሳታለሁና ይስቁብኛል።

ሕፃኗ ትንሽ ነበረች። ከእጄ መዳፍ ብዙም አታልፍም ብል ማጋነን አይሆንም። መቅደስ ቁስሏ ገና ነው፤ ነርሷ አዴ ዲንቄንና እኔን ጠርታ አሳየችን። ቀሚስ ከፍተሽ ሕፃኗን ደረትሽ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በነጠላ ታስሪያታለሽ። «እንዲህ ያሉ ልጆች መተንፈስ ይረሳሉ» አለችን። «ስትረሳ ጀርባዋን ዳሰስ አድርጊ፣ ታስታውሳለች።»

ተራ ገባን። አዴ ዲንቄ ሲይዟት ያወሩላታል፣ ለእሷ ይሁን ለእሱ አይለይም። እኔ ግን ስይዛት ዝም አልኩ። ትንፋሿ እንደ እሳት እራት ክንፍ ነው፤ ካላዳመጥሽው የለም። ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ይቀራል። ጣቴን ጀርባዋ ላይ አደርጋለሁ። ይመጣል። ከመስኮቱ ውጭ ነሐሴ ይዘንባል፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ሴቶች በዓይናቸው ሰላም ይሉኛል። ስለ ምንም አላሰብኩም። ስለ እጅጌ አላሰብኩም። ሰዓቱ ምን ያህል እንደሄደ አዴ ዲንቄ ትከሻዬን ሲነኩኝ ነው የማውቀው።

አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ ሳለ ደነገጥኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጸሎት አላልኩም። ለአዴ ዲንቄ ነገርኳቸው። ሕፃኗን ከደረቴ ወደ ደረታቸው እያሸጋገሩ አዩኝ።

«ምን ስታደርጊ ዋልሽ?»

«ትንፋሿን ስጠብቅ።»

«ለማን ብለሽ?»

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሐዘን አልነበረም።

የፍልሰታ ጾም እዚያው ተፈታ። ያን ቀን ከሆስፒታል ስመለስ ክፍሉ በዶሮ ወጥ ሽታ ተሞልቷል። አዴ ዲንቄ ጾሙ የሚፈታበትን ቀን ጎረቤት እየዞሩ ጠይቀው፣ ጉደር ያለች እህታቸው ዶሮና ቅቤ እንድትልክ አድርገዋል። ምድጃዋ በከሰል ትሠራለች፣ አንድ ድስት ብቻ ነው የምትችለው። ሲያጎርሱኝ ጾሙን አብረውኝ የጾሙ ይመስሉ ነበር። ሕፃኗ ኬና ተባለች፣ ስጦታ ማለት ነው። ትንፋሿን መርሳት እየተወች ሄደች፤ መቅደስም ተነስታ መያዝ ጀመረች። መቅደስ የያዘቻት ቀን ደረቴ ባዶ ቀረ፤ ደስታዬን ከቅናቴ ለመለየት ትንሽ ተቸገርኩ።

የተመለስኩበት ቀን

ቶሎሳና እናቱ መናኸሪያ ሸኙኝ። አዴ ዲንቄ በእንባቸው መካከል «እሱን አደራ ብዬዋለሁ» አሉ፣ እኔን ለእሱ ይሁን እሱን ለእኔ ሳይለዩ።

መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ሜዳው በሙሉ ያበራል። ሳላውቀው እጄን ደረቴ ላይ፣ ኬና ትተኛበት በነበረው ቦታ ላይ አድርጌያለሁ፤ ጣቴ በቀስታ ይንቀሳቀሳል። ግንጪን ሳላየው አለፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ ወንድሜ። እየጸለይኩ ነው።»

ሙዚቃውን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ «ለማን ነው?» አለኝ። ስለ ኬና ነገርኩት፣ ስለ መቅደስም፣ ስለ አዴ ዲንቄም። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ሊጠይቀኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ እንዴት ብሎ እንደሚጀምረው አላወቀም።

«አንተንም በጸሎቴ ላስብህ፣ ስምህ ማን ነው?» አልኩት።

«የክርስትናዬን?»

«የምታስታውሰውን።»

ነገረኝ። እኔም ጣቴን ደረቴ ላይ መለስኩ። ሆለታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ፊት እንዳደረገ፣ የእናቱን ስም ጨመረ።